ሁለተኛው ልኬት

ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም አለ ለማለት ጉዳቱ ከ3 ወር በላይ መቆየት አለበት። ይህን ትርጓሜ የማያውቅ የኩላሊት ሕክምና ሠልጣኝ የለም፤ ሆኖም በአገራችን ከሚሠሩት ጥናቶች ብዙዎቹ ክሬአቲኒንን አንድ ጊዜ ለክተው ያበቃሉ።

ሀብሩን ለሚያውቅ ምክንያቱ ግልጽ ነው። በመርሳ ዙሪያ ባለው ቆላ ማሽላ ሲያጭድ የዋለ ገበሬ ውኃ ጠምቶት ሳለ ደሙ ቢመረመር ክሬአቲኒኑ ከፍ ሊል፣ ካረፈና ከጠጣ በኋላ ወደ ልኩ ሊመለስ ይችላል። በኅዳር የተለካው ሰው በየካቲት መጨረሻ ካልተመለሰ ግን አንዱን ያለ ሕመሙ እናስደነግጣለን፤ ሌላው የኩላሊት እጥበት እስኪያስፈልገው ድረስ ከእጃችን ያመልጣል።

የኩላሊት ንቅለ ተከላ በ2008 ዓ.ም. በተጀመረበት በአዲስ አበባው ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ያለ ሐኪም የሚያየው እስከዚያ መድረስ የቻለውን ታማሚ ነው። ከመርሳ ወልድያ እንኳ ያልደረሰው በመዝገቡ አይገኝም። ስለዚህ ከምርምር ሥልጠናው አንዱ ክፍል በወልድያና በመርሳ የጤና ተቋማት ቢሰጥ እመርጣለሁ፤ ስታቲስቲክሱንስ የትም ይማሩታል። የፕሮፖዛል ገምጋሚ ብሆን አስቀድሜ የማየው የበጀቱን ሠንጠረዥ ነው፦ ገበሬው ለሁለተኛው ምርመራ የሚመለስበት የመሳፈሪያ ገንዘብ ተይዞለታል ወይ?