ስለሚረሱ ወላጆችና ስለሚጠብቋቸው

ወላጅ እናታችን በስተርጅናቸው በመጀመሪያ ቁልፍ ያኖሩበት ይጠፋቸው ጀመር። ቀጥሎም ምሳቸውን በልተው እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ «ዛሬ የሚያበላኝ ሰው ጠፋ?» ይሉ ነበር። ኋላም እኛን ልጃቸውን በሟች ወንድማቸው ስም ጠሩን። ዳሩ ግን ጸሎት ሲደረስ «አባታችን ሆይ»ን አንዲት ቃል ሳያስቀሩ አብረው ይሉ ነበር።

ከመንደሩ ሰው አንዳንዱ «ጃጁ» አለ፤ አንዳንዱም «መንፈስ ቢጠጋቸው ነው» አለ። እኛም የቤተ ክርስቲያኑንና የዘመናዊውን ትምህርት አስተባብረን ይዘናል የምንል ስንሆን፣ ሰው እንዳይስቅባቸው ብለን፣ እንግዳ ወደ ቤት እንዳታስገባ ታላቅ እህታችንን አዘዝናት። ይህ ትልቅ ስሕተታችን ነበር። በሌላ ከተማ እያስተማርን በየወሩ ገንዘብ እንልክ ነበር፤ ሸክሙን ግን እርሷ ብቻዋን ተሸከመችው።

ለጥምቀት በዓል በሄድን ጊዜ እህታችን ቡና እያፈላች እንዲህ አለችን፤ «ወንድሜ፣ የምትልከው ገንዘብ ይደርሰኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነገር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሴ አስቀድሼ አላውቅም። ሌሊትም እማዬ ‹ወደ ቤቴ ውሰጂኝ› እያለች በሩን ስለምትከፍት ተኝቼ አላድርም። የምለምንህ ገንዘብ አይደለም፤ ሰው ነው።»

ይህን ሰምተን የምንመልሰው ቃል አጣን። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 3 አእምሮው የደከመውን አባት ልጁ ይታገሠው ዘንድ እንደሚመክር ለተማሪዎቻችን ስንት ጊዜ አስተምረናል! ትዕግሥቱን ግን ለእህታችን ብቻ ትተንላት ኖሯል።

እንግዲህ አስቀድመን እናታችንን ወደ ሐኪም ወሰድናቸው። መርሳት ሁሉ አንድ አይደለምና፤ የቫይታሚን ቢ12 ማነስ፣ የእንቅርት ዕጢ ሕመም ወይም ሥር የሰደደ ኀዘን አእምሮን ሊያደክም፣ በሕክምናም ሊቃለል ይችላል። የእናታችን ግን ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1899 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1906) የገለጠው ሕመም ሆኖ ተገኘ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2021 የመርሳት በሽታ ያለባቸው ሰዎች 57 ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ አብዛኞቹም የተያዙት በዚሁ ሕመም ነው። ይህም የአንጎል ሕመም እንጂ የጠባይ ጉድለት አይደለም። ፈጽሞ የሚፈውሰው መድኃኒት እስከ ዛሬ አልተገኘም። የቅርቡን ነገር አስቀድሞ ያጠፋል፤ በልጅነት የተጠናውን ግን ብዙ ጊዜ ዘግይቶ ይነካዋል።

ከዚያም የንስሐ አባታቸውን አነጋገርን። እናታችን በዓርብ ቀን ወተት ሲለምኗት እህታችን ትጨነቅ ነበርና፣ ካህኑ «የታመመ ሰው በጾም አይገደድም፤ ስጫቸው» ብለው ከጭንቀቷ አሳረፏት። በሚቀጥለው እሑድም ነገሩን በሰንበቴው ፊት አነሡት። አንዲት አሮጊት ተነሥተው፣ «ሰው ሲሞት ዕድራችን ድንኳን ይተክላል፤ ሦስት ቀን አብረን እንቀመጣለን። በቁም ሳሉ ግማሽ ቀን መቀመጥ ምነው አቃተን?» አሉ።

ከዚያ ወዲህ አራት እናቶች ተራ ገብተው በየእሑዱ ከእናታችን ጋር ተቀመጡ፤ እህታችንም አስቀደሰች። ሲመጡም «አወቁኝ?» ብለው አይፈትኗቸውም፤ «እኔ ጎረቤትዎ እገሊት ነኝ፤ ቡና ልጠጣ መጣሁ» ይላሉ እንጂ። ሟች ወንድማቸውን ሲጠሩ «ሞቷል» ብለው እንደ አዲስ አያስለቅሷቸውም፤ «እስቲ ስለ እርሱ ያጫውቱኝ» ይሏቸዋል። እንዝርትና ጥጥ በሰጧቸው ጊዜ የሰው ስም የረሱት እናታችን መፍተል አልረሱም ነበር። የሰፈሩ ልጆችም መንገድ ላይ ያገኟቸው እንደ ሆነ፣ ሳይከራከሩ ጥቂት አብረዋቸው ሄደው ወደ ቤት ይመልሷቸው ነበር።

እናታችን ዐርፈዋል። ሕመሙ እስከ መጨረሻው አልተዋቸውም፤ ስማችንንም መልሰው አልጠሩትም። በለቅሶው ድንኳን ግን እህታችን በአራቱ እናቶች መካከል ተቀምጣ፣ እናታችን ያሏቸውን እየተቀባበሉ ሲያወሩ ሰማን። ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁ ነበር።

ክቡራን አንባብያን፤ በአጥቢያችሁ ከቅዳሴ የቀረች ሴት ብትኖር «ምነው ጠፋች?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ። በቤቷ የሚረሳ ወላጅ እንዳለ ሄዳችሁ ጠይቁ። ካለም ገንዘብ ከመስጠታችሁ በፊት፣ መጥታችሁ የምትቀመጡበትን ቀንና ሰዓት ንገሯት።