የልጄ ዓሣ ነባሪ

ልጃችሁ ከትምህርት ቤት የሚፈረም ወረቀት ይዞ ሲመጣ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ብዙውን ጊዜ ሳላነብ ነው የምፈርመው። ምግብ ቤት ያለው ሰው በምሳ ሰዓት ፈረንሳይኛ የሚያነብበት ጊዜ ከየት ያመጣል! አንዷን ወረቀት ግን ቁጭ ብዬ አነበብኳትና አልፈርምም አልኩ።

ጊዜው ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው። ታናሿ ልጄ ያኔ 10 ዓመቷ ነበር። ክፍሏ አንድ ቀን ሙሉ ሌማን ሐይቅ ዳር ሊማር ነው። ልጆቹ ቦት ጫማ አድርገው እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ይገባሉ፣ ድንጋይ እየገለበጡ ከሥሩ የሚኖረውን ይፈልጋሉ፣ ያገኙትን በማጉያ መነጽር አይተው ይሥላሉ።

እኔ ያደግኩት ባሕር ዳር ነው። ጣናን ስመለከት አደግኩ እንጂ ገብቼበት አላውቅም። እናቴ «ውሃው ውስጥ ያለው ትል ሆድሽ ይገባል» ትለኝ ነበር። እውነቷንም ነው፤ የጎረቤታችን ልጅ በቢልሃርዚያ ሆዱ ተነፍቶ ስንት ጊዜ ሲሰቃይ በዓይናችን አይተናል። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ «አይሆንም» ብዬ ላክሁ። ልጄ ያን ቀን ሌላ ክፍል ገብታ ዋለች። አላለቀሰችም፤ እኔም ረሳሁት።

ከወር በኋላ ለወላጆች ስብሰባ ሄድኩ። የልጆቹ ሥዕሎች ግድግዳው ላይ ተሰቅለዋል፤ ቀንድ አውጣ፣ የትንኝ እጭ፣ ትንንሽ ዓሣ። የኔ ልጅ ግን ትልቅ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ነው የሣለችው። ሌማን ውስጥ ደግሞ ዓሣ ነባሪ የለም። ቤት ገብተን «ምነው ልጄ?» ብላት «እማዬ፣ እኔ እኮ ሐይቁ ውስጥ ምን እንዳለ አላየሁም» አለችኝ።

ምን ልበላችሁ፣ አንጀቴን ቆረጠችው። ጄኔቫ ተወልዳ ያደገች ልጅ፣ በኔ ፍርሃት ምክንያት ለገዛ ከተማዋ ውሃ እንግዳ ሆነች።

በማግስቱ አፍሬም ቢሆን መምህሯን ስለ ትሉ ጠየቅኳት። አልሳቀችብኝም። የነገረችኝን እናንተም ብታውቁት ይጠቅማችኋል። የቢልሃርዚያ ተውሳክ ሰው ውስጥ ከመግባቱ በፊት የግድ በአንድ ዓይነት ቀንድ አውጣ ውስጥ ማለፍ አለበት። እዚህ ሐይቅ ውስጥ ቢልሃርዚያ የለም፤ ዘመዱ ግን አለ። ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ «የዳክዬ ቁንጫ» ይሉታል። እሱም ከቀንድ አውጣ ወጥቶ ዳክዬ ይፈልጋል። በበጋ ወራት አንዳንዴ ሰውን ዳክዬ መስሎት ቆዳ ውስጥ ይገባና እዚያው ይሞታል። ለጥቂት ቀናት ያሳክካል እንጂ ሆድ ውስጥ ገብቶ አይኖርም። ከውሃ እንደወጡ ታጥቦ በፎጣ ማሸት ይረዳል። እናቴ ትክክል ነበረች ማለት ነው፤ እኔ ግን የጣናን ሕግ ይዤ ሌማን ላይ ፈረድኩ።

በሚቀጥለው ሰኞ፣ ምግብ ቤቱ ዝግ ስለሆነ፣ እኔና ልጄ ቦት ጫማ ገዝተን ኦ-ቪቭ የሕዝብ መዋኛው ዳር ሄድን። ድንጋይ ስንገለብጥ ያገኘነው ብዙው ጥፍር የሚያህል ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ነው። ኳጋ ይባላል። ትውልዱ ከጥቁር ባሕር አካባቢ ሲሆን፣ ሌማን ውስጥ የታየው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ውሃውን እያጣራ ትንንሾቹ ዓሦች የሚበሉትን ፕላንክተን ይጨርሳል፣ የውሃ ማስተላለፊያ ቱቦም ይደፍናል። የጄኔቫ የቧንቧ ውሃ አብዛኛው ከዚሁ ሐይቅ ነው የሚመጣው። እኔ እንጀራ የማቦካበት ውሃ ማለት ነው! ስንት ዓመት ሙሉ ከቧንቧው ስቀዳ አንድም ቀን አስቤው አላውቅም።

«ይሄማ እንቦጭ ነው!» አልኩ። ልጄ እንቦጭን አታውቅም። ቁጭ ብለን ነገርኳት። እንቦጭም ከደቡብ አሜሪካ የመጣ እንግዳ አረም ነው፤ ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ታይቶ ዳሩን እያለበሰ የዓሣ አጥማጁን ታንኳ መንገድ ዘጋ፣ ገበሬውም በእጁ ሲነቅል ከረመ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሌማን 580 ነው። ጥልቀቱ ግን የጣና 14 ሜትር ገደማ፣ የሌማን 310 ሜትር ያህል ነው። ልጄ አላመነችኝም፤ ራሷ ፈልጋ አረጋገጠች። ከዚያ ክፍሏ ውስጥ ቆማ ስለ ሁለቱ ሐይቆችና ስለ ሁለቱ ያልተጋበዙ እንግዶች ተናገረች። ያን ቀን የልጄ አስተማሪ እኔ ነበርኩ።

ዙሪክ ያላችሁ «እኛስ?» እንዳትሉ። እህቴ እዚያ ስለምትኖር በበጋ ስንሄድ ዙሪክሆርን መናፈሻ ዳር ልጆቹን ይዘን እንወርዳለን። የእህቴ ልጅ አንድ ቀን «አክስቴ፣ በጀርመንኛ እኮ ሐይቅም ባሕርም ‹ሴ› ነው» አለኝ። እኔም «በኛም አገር ሐይቅ ዳር ያለችውን ከተማ ባሕር ዳር ብለናታል» አልኩት። ኢትዮጵያም ስዊዘርላንድም የባሕር በር የላቸውም፤ ልጆቻችን ግን ውሃ ውስጥ ስላለው ሕይወት የሚማሩበት ዳር አላጡም።

ስለዚህ ወላጆች፣ ወረቀቱ ሲመጣ ከመፈረማችሁም ሆነ ከመከልከላችሁ በፊት ጠይቁ። የሚያስፈራችሁንም ለመምህሩ ንገሩ። ራሳችሁ ስትወጡ ዋና የማይችል ልጅ ከጉልበቱ በላይ አይግባ፣ እናንተም ከአጠገቡ አትራቁ፤ ዋናም ይማር። የገለበጣችሁትን ድንጋይ እንደነበረ መልሱት፣ ሥሩ ቤት ነውና። ቦት ጫማውንና መረቡን ደግሞ ወደ ሌላ ሐይቅ ወይም ወንዝ ከመውሰዳችሁ በፊት አጥባችሁ በደንብ አድርቁት፤ የኳጋ እጭ በዓይን የማይታይ ስለሆነ በጥቂት ውሃም ይጓዛል።

በዓመቱ ወረቀቱ ዳግም ሲመጣ ፈረምኩ። ልጄ ያን ጊዜ የሣለችው ቀንድ አውጣ ዛሬ ምግብ ቤቴ ውስጥ ከገንዘብ መቀበያው በላይ ተሰቅሏል። ዓሣ ነባሪውም ከጎኑ አለ። ደንበኞች ስለ እሱ ሲጠይቁኝ «እሱ የሷ ስህተት አይደለም፣ የኔ ነው» እላቸዋለሁ።