የሽፋኑ ስም

ለመንግሥት ሥራ ወደ ጂቡቲ ተልከን ጉዳያችንን ከፈጸምን በኋላ፥ ወደ አገራችን የሚመልሰንን ባቡር በናጋድ ጣቢያ ተቀምጠን እንጠባበቅ ነበር። ሙቀቱን የቀመሰ እንደሚያውቀው፥ በዚያ ስፍራ ከማንበብ በቀር ሌላ ሥራ አይቻልም።

በእጃችን የነበረው ጽሑፍ በዚያው በጂቡቲ ባሮጋሊ በሚባል ስፍራ ስለ ተገኘ የጥንት ዝሆን ይናገራል። ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በፊት የነበሩ ፍጡራን ሥጋውን በድንጋይ መሣሪያ ከፋፍለውት ኖሮ፥ አጥንቱና መሣሪያው በአንድነት ተገኝቷል። ይህን ካጠኑት ሊቃውንት አንዱ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ናቸው። ስማቸው ለእኛ እንግዳ አልነበረም፤ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዋሽ ዳር ያለውን የመልካ ቁንጡሬን ቁፋሮ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1995 የመሩ እርሳቸው ናቸውና። ነገር ግን ባለቤታቸው ኒኮል ሻቫዮን እዚያው አብረዋቸው ይቆፍሩና ይጽፉ ነበር፤ ጎምቦሬ ስለሚባለው ስፍራ በወጡ ጥናቶችም የሁለቱ ስም ጎን ለጎን ታትሟል። እኛ ግን «የሻቫዮን ቁፋሮ» ሲባል ሁልጊዜ አንድ ሰው ብቻ ይታየን ነበር።

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የዘመናዊ ኬሚስትሪ አባት ተብሎ የተነገረን ላቮዋዚዬም እንግሊዝኛ አያነብም ነበር። ቋንቋውን ተምራ የምትተረጉምለት ሚስቱ ማሪ አን ነበረች፤ እ.ኤ.አ. በ1789 ለታተመው መጽሐፉም የመሣሪያዎቹን ሥዕሎች የሠራች እርሷ ናት። በመጽሐፉ ፊት ላይ ግን የእርሱ ስም ብቻ ሰፍሯል። ፒየር ኩሪ የተሻለ አደረገ። እ.ኤ.አ. በ1903 የኖቤል ሽልማት ለእርሱና ለቤክሬል ብቻ ሊሰጥ መታሰቡን በሰማ ጊዜ፥ ማሪም አብራ እንድትታሰብ ደብዳቤ ጻፈ፤ ሽልማቱም ለሦስቱ ሆነ።

እዚህ ላይ ንባባችን ቆመ። በቦርሳችን ውስጥ ስለ ወደብ ዕቃ ያዘጋጀነው መግለጫ ነበርና፤ በሽፋኑም የእኛ ስም ብቻ።

የአፍ መፍቻ ቋንቋችን ትግርኛ ስለ ሆነ አማርኛችንን የምታቃናው ባለቤታችን ናት። አንድ ሌሊት ደክሞን «ሎሚ የገቡ ፉርጎዎች» ብለን ብንጽፍ፥ እየሳቀች «ስንት ኩንታል ሎሚ ነው?» ብላ ጠየቀችን። በትግርኛ ሎሚ ማለት ዛሬ ማለት ነው። አማርኛ በመማር ላይ ያሉ አንባቢዎቻችን አይሳቁብን።

ነገሩ በቋንቋ ብቻ ቢቀር ባልከነከነንም ነበር። እኛ ዕቃው የሚዘገየው በፉርጎ ማነስ ነው ስንል፥ ቀኖቹን አስልታ መዘግየቱ ከሰነድ መሆኑን ያሳየችን እርሷ ናት። ያንንም «እኛ እንደ ተመለከትነው» ብለን ጻፍነው። ያ «እኛ» ማንን እንደሚጨምር ግን አልገለጽንም።

ስልክ ደውለን ስሟን ልናስገባ ማሰባችንን ነገርናት። ጥቂት ዝም አለች።

«መጀመሪያ በ14ኛው ገጽ ያለውን ድምር አርመኸዋል? አይገጥምም ብዬህ ነበር።»

አላረምነውም ነበር።

«ስሜንም ከጻፍህ ከአባቴ ስም ጋር ጻፈው፤ ‹ባለቤቴ› ብለህ እንዳታልፈው።»

ባቡሩ እስኪነሣ ድምሩን አረምን። ስሟንም ከነአባቷ ስም ከእኛ ቀጥሎ በእርሳስ ጻፍን። አለቃችን ይቀበሉት እንደ ሆነ ሰኞ እናያለን።