ሳይፋቅ አይለጠፍም

ቡናው እስኪፈላ ድረስ አንድ ነገር ላጫውታችሁ። ጂንካ ውስጥ፣ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ገበያው ገና ሲደምቅ፣ አስፋልቱ ዳር ሸራ ወጥሮ የሚሠራ አንድ ጎሚስታ አለ። ከሸራው ሥር በአንድ ጥግ ጀበና ይንተከተካል፤ በሌላው ጥግ ኮምፕሬሰር ያጓራል። ሽታው የቡናም የጎማም ነው። ከአሪ ደጋ የወረዱ እናቶች ኮረሪማቸውን በጀርባቸው አዝለው በፊታችን ያልፋሉ፤ ባጃጁና ሞተሩ በመካከላቸው ይሹለከለካል። እኔ ዱካ ላይ ተቀምጬ የማየው ግን የጎሚስታውን እጅ ነው።

ከመነዳሪውን ይነፋና ውሃ በሞላበት ሳፋ ውስጥ ይነክረዋል። ቀስ እያለ ያዞረዋል። አንድ ቦታ ላይ ደቃቅ አረፋ ሲወጣ በአውራ ጣቱ ይይዝና አውጥቶ ያደርቀዋል። ወዲያው ግን አይለጥፍም። ሞረዱን ያነሳና በቀዳዳው ዙሪያ ያለውን ጎማ ይፍቀዋል። የሚያብረቀርቀው ጥቁር ገጽ ሻካራና ግራጫ እስኪሆን ድረስ ይፍቀዋል። ብናኙን ይጠርጋል፣ ማስቲሹን ስስ አድርጎ ይቀባል፣ እስኪደርቅ ይጠብቃል፤ ልጣፉን የሚያኖረው ከዚያ በኋላ ነው። በማሰሪያው ጠፍሮም ያቆየዋል።

«ለምንድን ነው እንዲህ የምትፍቀው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ጋሼ፣ ሳይፋቅ ከተለጠፈ ቁልቁለቱን ሳይጨርስ ይላቀቃል» አለኝ ቀና ሳይል። «ላዩን የያዘ ይመስላል እንጂ አልያዘም።»

ይህን ሲለኝ ዓይኔ ከእሱ ሦስት እርምጃ ርቆ ወዳለው የአስፋልት ጉድጓድ ሄደ። ያ ጉድጓድ ከዚህ በፊት ተደፍኖ ነበር። ሬንጅ የተቀላቀለ ጠጠር ፈስሶበት፣ በአካፋ ተደልድሎ፣ መኪና ሄዶበት ነበር። አንድ ዝናብ አልፎ ሌላው ሲመጣ ልጣፉ እንደ እንጀራ ዳር ተገነጠለ፤ ጉድጓዱም ከድሮው ሰፍቶ ተከፈተ። ከልጁ መልስ በኋላ ምክንያቱን ለማወቅ መሐንዲስ መጥራት አላስፈለገኝም።

እናንተም ከአዲስ አበባ ተነሥታችሁ በሶዶና በአርባ ምንጭ አድርጋችሁ፣ ኮንሶን አልፋችሁ፣ 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ ጂንካ ብትመጡ መንገዱ ራሱ ይነግራችኋል። ወይጦ ቆላ ላይ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ሬንጁ ሲሞቅ ይላላል፤ ከባድ መኪና በሄደበት መስመር ላይ አስፋልቱ ሰምጦ እንደ ገንዳ ይሆናል። ወደ ቀይ አፈር ስትወጡ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ዝናቡ ይመጣል፣ በዚያ ገንዳ ውስጥ ውሃ ይተኛል። በዚህ አገር ዝናቡ ሁለት ጊዜ ነው፦ በበልግ አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ ወጥቶ ደግሞ ሌላ ጊዜ። አንዱ መንገድ በአንድ ጉዞ ውስጥ ቆላውንም ደጋውንም ይቀምሳል።

አስፋልት የሚያረጀው እንዴት እንደሆነ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አዲሱ እንደ ከሰል ጥቁር ነው። ፀሐይና አየር ሬንጁን እያደረቁት ሲሄዱ ግራጫ ይሆናል፤ ከዚያ ጠጠሩ ይገጥጣል። የደረቀ ሬንጅ አይለጠጥም፤ መኪና በተጫነው ቁጥር ይሰነጠቃል። መጀመሪያ አንዲት ቀጭን መስመር ናት። መስመሮቹ ሲበዙና ሲገናኙ መሬቱ ቁርጥ የአዞ ጀርባ ይመስላል። መሐንዲሶቹም ያንን ስንጥቅ በአዞ ቆዳ ስም ይጠሩታል። ጫሞ ሐይቅ ዳር አዞ ላየ ሰው ማብራሪያ አያስፈልገውም። የአዞ ቆዳ ያወጣ አስፋልት ሕመሙ ላዩ ላይ ብቻ አይደለም፤ ውሃው በስንጥቁ ገብቶ ታች ያለውን ገረጋንቲ አርሶታል ማለት ነው።

ብርድ ባለባቸው ተራራማ አገሮች የሚብሰው ይኸው ውሃ ነው። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ያብጣል። ስንጥቅ ውስጥ የገባው ውሃ ሌሊት ያብጥና ይፈለቅቃል፣ ቀን ይሟሟና ይበልጥ ወደ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሌሊት እንደገና ይፈለቅቃል። በእኛም አገር ከ4,000 ሜትር በላይ ያለው የባሌ ሳነቴ አምባ ሌሊቱን ውርጭ ነው፤ ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ ላይ ሣሩ ነጭ ሆኖ ያውቀዋል። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውርጭ አያገኛትም። ግን በረዶ በሌሊት የሚሠራውን ሥራ እዚህ የሚሠራው የመኪና ጎማ ነው። ከባድ ተሳቢ ውሃ በያዘ ስንጥቅ ላይ ሲያልፍ ውሃው ተጨምቆ መውጫ ይፈልጋል፤ ሲወጣም ደቃቁን አፈር ይዞ ይወጣል። ዝናብ ካባራ በኋላ በስንጥቁ ዙሪያ ቡናማ ጭቃ ተተፍቶ ካያችሁ ያ የመንገዱ ሥጋ ነው።

ስለ ከባድ መኪና አንድ ቁጥር ልንገራችሁ፤ ስሰማው ደንቆኛል። አሜሪካኖች ኢሊኖይ ውስጥ ኦታዋ በምትባል ከተማ አጠገብ ለሙከራ ብቻ መንገድ ሠርተው፣ እ.ኤ.አ. ከ1958 እስከ 1960 ወታደሮች ሁለት ዓመት ሙሉ የጭነት መኪና እየነዱበት እስኪበላሽ ድረስ ጠበቁ። ውጤቱ ዛሬም በዓለም ዙሪያ ይሠራበታል፦ በአንድ አክስል ላይ ያለው ጭነት እጥፍ ሲሆን የሚያደርሰው ጉዳት እጥፍ አይሆንም፤ ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። በዚህ ስሌት 10 ቶን የጫነ አንድ አክስል፣ 1 ቶን የጫነው ከሚያደርሰው ጉዳት 10,000 እጥፍ ያህል ያደርሳል። እንግዲህ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ከብት፣ ሲሚንቶ፣ ነዳጅ፣ ሁሉም በዚህ ባንድ መንገድ ነው የሚመላለሰው። ከተፈቀደው በላይ የሚጭን ሰው ትርፉን ለብቻው ወስዶ ጉዳቱን ለሁላችን ይተዋል፤ ይህን ሳስብ ያናድደኛል።

ወደ ጎሚስታው ልመለስ። ያ ልጅ በሞረድ የሚሠራውን ሥራ በመንገድ ላይ የሚሠራ ትልቅ ማሽን አለ። ባለሙያዎቹ «ሚሊንግ» ይሉታል፤ እኔ የአስፋልት መፋቂያ ብለው ይሻለኛል። ሆዱ ሥር እንደ ከበሮ የሚሽከረከር ብረት አለ፤ በብረቱ ላይ ጠንካራ ጥርሶች ጥምዝ ሠርተው ተሰክተዋል። ሠራተኛው ስንት ሴንቲ ሜትር መፋቅ እንዳለበት ወስኖ ያወርደዋል፣ አራትም ይሁን አምስት። ጥርሶቹ እንዳይግሉና አቧራው እንዳይነሣ ውሃ ይረጫል። የተፋቀው በማጓጓዣ ቀበቶ ከፊት ለፊት ወደቆመው ገልባጭ መኪና ይፈስሳል። ከኋላው የሚቀረው መሬት በሬ እንደዋለበት እርሻ ትልም ትልም ነው። ያ ትልም ነው አዲሱን የሚይዘው። ከዚያ በደንብ ይጠረጋል፣ እንደ ማስቲሹ ስስ ሬንጅ ይረጭበታል፣ አዲሱ አስፋልት ይለብሳል፣ ሮለሩም ይከተላል። ሞረድ፣ ማስቲሽ፣ ልጣፍ፣ ማሰሪያ፤ ቅደም ተከተሉ ከልጁ አልተለየም።

«ታዲያ ለምን ይፋቃል? ባሮጌው ላይ አዲስ ቢደረብስ?» የሚል አይጠፋም። አዎ፣ መደረብ ይቻላል፤ መሬቱ ጤነኛ ከሆነና ከፍታው ከፈቀደ። ግን በከተማ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ሌላ ጊዜ 5 ሴንቲ ሜትር ስትደርቡ መንገዱ ከእግረኛው መሄጃ እኩል ይሆናል፤ ሦስተኛው ላይ ሱቁ ከመንገዱ ዝቅ ይላል። ያኔ ጎርፉ ቦዩን ትቶ በደጃፍ ይገባል። ደግሞም አሮጌው ስንጥቅ አይተኛም፤ ከሥር ሆኖ አዲሱን እስኪሰነጥቀው ይሠራል። ጉልበቱ የከዳ ሰው ጋቢ ቢደረብለት አይሮጥም።

ግን አንድ ነገር ሳልደብቅ ልበል፦ መፋቅም ቢሆን ለሁሉ መድኃኒት አይደለም። ታች ያለው ገረጋንቲ ጭቃ ከሆነ ላዩን ፍቆ ማልበስ ገንዘብ ማፍሰስ ነው። ያኔ ቆፍሮ ማውጣት፣ ደረቅ ገረጋንቲ መልሶ በደንብ መጠቅጠቅ ይቀድማል። ጎሚስታው ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋውን የሚፈልገው ለዚህ ነው፤ የት እንደሚያፈስ ሳያውቅ ሞረድ አያነሣም።

በጂንካ መጠን ባለች ከተማ ትልቁ ችግር ደግሞ ትኩሱ አስፋልት ራሱ ነው። ቅልቅሉ ከማብሰያው ሲወጣ 150 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ አካባቢ ነው። ወደ 80 ዲግሪ ከወረደ በኋላ ሮለር ቢመላለስበት አይጠቀጠቅም፤ አየር በውስጡ ይቀራል፣ በዚያም ውሃ ይገባል። ማብሰያው ሩቅ ከሆነ፣ ነፋስ ካለ፣ ማለዳው ከቀዘቀዘ፣ ሽፋኑም ስስ ከሆነ ጊዜው የሚቆጠረው በደቂቃ ነው። ለሦስት ጉድጓድ ተብሎ ማብሰያ አይተከልም። ስለዚህ ትልቁ መንገድ ሲሠራ፣ ማሽኑና ማብሰያው አካባቢው ላይ ሳሉ፣ የከተማውን መንገድ አብሮ መጠገን ብልህነት ነው። ማሽኑ ከሄደ በኋላ ተመልሶ እስኪመጣ ዓመታት ያልፋሉ። አገሪቱ በ1989 ዓ.ም የመንገድ ፈንድን ስታቋቁም ከየሊትሩ ነዳጅ ላይ ለጥገና እንዲቀነስ የተደረገው መንገድ ተሠርቶ የሚተው ነገር ስላልሆነ ነው፤ ጎሚስታው አጠገብ ቆሞ የሚነፋው ባጃጅም የድርሻውን ይከፍላል ማለት ነው።

አሁን ወደምወደው ነገር ልግባ። የተፋቀው አስፋልት የት ይሂድ? ብዙ ጊዜ እንደ ቆሻሻ ይታያል፤ ገደል ይደፋል። እሱ ግን ጠጠርና ሬንጅ ነው፤ ሬንጁም በውጭ ምንዛሪ የተገዛ። ተመልሶ ከአዲስ ቅልቅል ጋር ሊገባ ይችላል። ያ ባይሆን ለግቢ መግቢያ የሚስተካከለው የለም። ክረምት በመጣ ቁጥር መኪና የሚሰምጥበት ስንት የትምህርት ቤት በር አለ! ሰዎች ነፍሰ ጡርን በአልጋ ተሸክመው በጭቃ የሚገቡበት ስንት ጤና ጣቢያ አለ!

አሠራሩ ከባድ አይደለም። መሬቱ መጀመሪያ ተዳፋት ይይዛል፣ ውሃው ወደ ጎን እንዲወርድ። ለስላሳው አፈር ይነሣል፣ ገረጋንቲ ይጠቀጠቃል። የተፋቀው አስፋልት 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ይነጠፋል፤ ጓሉ ይሰበራል። ከዚያ ፀሐዩ በበረታ ሰዓት፣ ቀትር ላይ፣ ሮለር ይሂድበት። በውስጡ የቀረው አሮጌ ሬንጅ ሲሞቅ ትንሽ ይላላና ጠጠሩን መልሶ ያያይዘዋል። ደጋ ላይ በብርድ ጠዋት ብትሠሩት አይያያዝም፤ ተበትኖ ይቀራል። ጂንካ ግን ቀትሯ ለዚህ ሥራ የተሰጠ ነው። ከወንዝ ዳር ማራቁን ግን አትርሱ፤ ነሪ ወንዝ ከተማውን አቋርጦ ነው የሚያልፈው፣ ከብትም ሰውም ይጠቀምበታል።

ከሬንጁም ከማሽኑም በፊት ግን ውሃው አለ። ከጂንካ ወደ አርባ ምንጭ ስትመለሱ ኮንሶ ላይ ቆም በሉ። በ2003 ዓ.ም ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ የመዘገበው እርከን ድንጋይ ስለተደረደረበት ብቻ አልቆመም። እርከኑ ዝናቡን ለእርሻው ይይዛል፤ የተረፈው ደግሞ የሚወርድበት መውጫ ተትቶለታል። በየዓመቱ የፈረሰው ድንጋይ ይነሣል፣ መውጫው ይጠረጋል። ትውልድ ከትውልድ ይህን ሳይታክት ሲሠራ የኖረ ሕዝብ ጎረቤታችን ሆኖ ሳለ፣ የእኛ የመንገድ ቦይ በላስቲክና በአፈር ተደፍኖ ሳይ ልቤ ያዝናል። አስፋልት ከላይ የሚወርድበትን ውሃ ቢችል ከጎን የሚተኛበትን አይችልም።

ሁለተኛው ቡና ተቀዳ። የባጃጁ ባለቤት ጎማውን አስገጥሞ ከፍሎ ሄደ። ከገበያው በስተጀርባ፣ በአሪ ተራሮች በኩል፣ ደመናው ጠቆረ። ጎሚስታው ሞረዱን ሣጥን ውስጥ ከተተና ከሸራው ምሰሶ ላይ የተደገፈችውን አካፋ አነሣ። በጀበናውና በአስፋልቱ መካከል ባለችው ቦይ ውስጥ ገብቶ የተከማቸውን አፈርና የሐይላንድ ፕላስቲክ ማውጣት ጀመረ። «ይቺን ካልጠረግኳት» አለኝ፣ «ውሃው እዚህ ነው የሚተኛው።» ቡና የምታፈላው እህታችን ረከቦቷን ወደ ውስጥ አስገባች፤ እኔም ዱካዬን አንሥቼ መንገድ ለቀቅሁለት።