የት ደረሰ?

1.
ሶማሌ ተራ፣ ከጠዋቱ 2፡30። የመለዋወጫ ሱቁ በር ገና ግማሹ ነው የተከፈተው። ስልኩ ግን ሦስተኛ ጊዜው ነው ሲጮህ። የጋራዥ ሰው ሰላምታ አያበዛም። «አለ?» ይላል። ቀጥሎ «ስንት ነው?»፣ ቀጥሎ «መቼ ይደርሳል?» ዕቃው ከሱቅ ከወጣ በኋላ የሚቀረው ጥያቄ አንድ ነው፦ «የት ደረሰ?» ለዚህ ጥያቄ መልስ የሚሰጥ የዴሊቨሪ ሶፍትዌር ሊመርጡ የተነሱ ባለሱቆች አጠገብ ተቀምጬ ሰነበትኩ። ከኪስ ደብተሬ የገለበጥኩት ይኸው።

2.
ሶፍትዌር ሻጩ ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ከፈተ። ካርታ መጣ። ካርታው ላይ ትንንሽ ሞተሮች ይንቀሳቀሳሉ። ባለሱቁ ወንበሩን አስጠጋ። ሶፍትዌሩን ከጠዋት እስከ ማታ በእጁ የሚይዘው ሞተረኛው ነው። የእሱ ስልክ መስታወቱ ተሰንጥቋል፤ ባትሪው ከቀኑ 8 ሰዓት አያልፍም። በዚያ ቀን ማንም አልጠራውም። ጎፋ ዕቃ ሊያደርስ ሄዶ ነበር።

3.
ጋራዡ «ካንዴላ» ብሎ አዘዘ። ካሸሯ የመፈለጊያው ቦታ ላይ «ካንዴላ» ብላ ጻፈች። «ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ መጣ። ካንዴላው ከጀርባዋ፣ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የእንግሊዝኛ ስሙን ብቻ ነው። ፍሪሲዮን፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፦ ጣሊያን በ1933 ለቆ ወጥቷል፤ ቃሎቹ ግን እስከ ዛሬ ጋራዥ ውስጥ ይሠራሉ። ሻጩን «የራሳችንን ስም ማስገባት እንችላለን?» ብሎ የጠየቀ አንድ ባለሱቅ ብቻ አየሁ።

4.
የቶዮታ ዕቃ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ 10 ቁምፊ አለው። የመጀመሪያዎቹ 5 ዕቃው ምን እንደሆነ ይናገራሉ፤ የቀሩት 5 ለየትኛው መኪና እንደሆነ። በ04465 የሚጀምረው የፊት ፍሬን ሸራ ነው። በ04466 የሚጀምረው የኋላ ነው። መጋዘን ውስጥ ሁለቱ ካርቶኖች ጎን ለጎን ተደርድረዋል፤ መልካቸው አንድ ነው። አንድ ማክሰኞ ለሳሪስ ጋራዥ የፊቱ ታዘዘ፣ የኋላው ሄደ። ካርታው መንገዱን ከመነሻ እስከ መድረሻ በትክክል አሳየ። ሶፍትዌሩ «ደርሷል» ብሎ መዘገበ። ታክሲ የምትሠራው ኮሮላ ግን ክሪክ ላይ እንዳለች አደረች።

5.
ባለሱቁ «እኔ የምፈልገው ፍጥነት ነው» አለኝ። የዘገዩ ማድረሻዎችን የሚጽፍበት ደብተር እንዳለው ነገረኝና ሰጠኝ። አነበብኩት። «ቁጥሩ ተሳስቷል።» «ስልክ አያነሳም።» «ብር አልገባም።» «ዕቃው ለሌላ ተሽጧል።» «መካኒኩ ሐሳቡን ቀየረ።» «መንገድ ተዘጋግቶ» የሚለውን ለማግኘት ብዙ ገጽ መግለጥ ነበረብኝ። ሻጩ ያሳየው አጭር መንገድ የሚመርጠውን ክፍል ነው።

6.
ግድግዳው ላይ በትልቁ ተጽፏል፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም።» ከጽሑፉ ሥር አንድ ካርቶን ተቀምጧል። ውስጡ የተመለሱ ዕቃዎች አሉ። ማታ ማታ ካሸሯ ታወጣቸዋለች፣ ማሸጊያቸው ያልተቀደደውን ወደ መደርደሪያ ትመልሳለች። ሞተረኛው ከጋራዥ ባዶ እጁን የሚመለስበት ቀን ጥቂት ነው፤ ያልገጠመ ዕቃ፣ የተረፈ ዕቃ፣ በለውጥ የተሰጠ አሮጌ ባትሪ ይዞ ይመጣል። ሶፍትዌሩ ዕቃ ሲወጣ ይመዘግባል። ሲመለስ የሚመዘገብበት ቦታ አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ባለሱቁ ግድግዳውን አሳየኝ።

7.
ለደንበኛው ስልክ መልእክት ገባ፦ «ዕቃዎ በ4፡00 ይደርሳል።» ጋራዡ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ ጠበቀ። ሶፍትዌሩ ያለው ከቀኑ 10 ሰዓትን ነው። በመካከሉ 6 ሰዓት አለ። በዚያ 6 ሰዓት ውስጥ መካኒኩ ሌላ ሱቅ ደውሎ ዕቃውን ገዝቷል።

8.
የሶፍትዌሩ የወር ሪፖርት የሚወጣው በፈረንጅ ወር ነው። ሱቁ ሒሳቡን የሚዘጋው በሐበሻ ወር ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ጳጉሜን ለብቻዋ ወር ሆና የምትታይበት ቦታ የለም። የሒሳብ ሠራተኛዋ በየወሩ መጨረሻ ሁለቱን ቀን አቆጣጠር ጎን ለጎን አድርጋ በእጇ ታስታርቃለች። «ሥራ ቀለለ ወይ?» አልኳት። «ሪፖርቱን ለሚያነቡት ቀሏል» አለችኝ።

9.
ደንበኛው «ሎኬሽን ልኬልሃለሁ» ይላል። ቀጥሎ «ስትደርስ ደውል» ይላል። ሁለቱም አስፈላጊ ናቸው። ካርታው ላይ ያለችው ምልክት የምታርፈው የጋራዡ የኋላ አጥር ላይ ነው፤ በሩ በሌላው መንገድ ነው። «ከቀዩ ሕንፃ ጎን» የተባለው ቀይ ሕንፃ ለመንገድ ሥራ ፈርሷል፤ ሰው ግን ዛሬም በእሱ ይጠቁማል። ይህን ሁሉ የሚያውቀው ሞተረኛው ነው። ባለፈው ክረምት አንዱ ሞተረኛ ሥራ ለቀቀ። አድራሻዎቹም አብረውት ሄዱ።

10.
የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ በሞተር ሳይክሎች እንቅስቃሴ ላይ ገደብ ጥሏል። ከዚያ ወዲህ ፈቃድ ይዞ የሚሠራና ሳይዝ የሚሠራ አንድ አይደለም። ሶፍትዌሩ የሞተሩን ፍጥነት፣ የቆመበትን ደቂቃ፣ የተጓዘውን ኪሎ ሜትር ይመዘግባል። የፈቃዱ ማለቂያ ቀን የሚጻፍበት ቦታ አላየሁም። ያ ቀን የሚታወሰው ሞተሩ በተያዘበት ዕለት ነው።

11.
«ብር ሳይገባ ዕቃ አይወጣም» ይላሉ ሐጂ የሚባሉ ባለሱቅ። 30 ዓመት በዚህ ተራ ነግደዋል፤ ቃላቸው ቃል ነው። እዚያው ተቀምጬ እያለሁ አንድ የቆየ ደንበኛ ደወለ። ዕቃው ወጣ። ብሩ በዱቤ ደብተር ተጻፈ። ሶፍትዌሩ ሁለት ምልክት ነው ያለው፦ «ተከፍሏል» እና «አልተከፈለም»። «ግማሹን ከፍሏል፣ ቀሪውን ቅዳሜ» የሚለው አይገባም። የሐጂ ንግድ አብዛኛው እዚያ ቅዳሜ ውስጥ ነው።

12.
ቴሌብር በ2013 ግንቦት ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሞተረኛው ጥሬ ብር መያዝ ቀንሷል። ሌላ ነገር መጣ። ደንበኛው የላከበትን የስልክ ገጽ ያሳየዋል። ሞተረኛው በዚያ ማመን አይችልም፤ ገንዘቡ የሚገባው ባለሱቁ ስልክ ላይ ነው። ይደውላል። መስመሩ ተይዟል። እንደገና ይደውላል። ጋራዡ በር ላይ ሞተሩን አጥፍቶ 12 ደቂቃ ሲጠብቅ በሰዓቴ ያዝኩት። በካርታው ላይ «ቆሟል» ይላል። ለምን እንደቆመ አይልም።

13.
ባለሱቁ ለእኔ፦ «ሶፍትዌሩን የማስገባው ለደንበኛ ብዬ ነው።» ዓርብ ከቀኑ 7 ሰዓት ላይ ሞተሩ አንዋር መስጊድ አካባቢ እንደቆመ ስክሪኑ ላይ አየ። ስልክ አነሳ፦ «ለምን ቆምክ?» ሞተረኛው ሶላት ላይ ስለነበር አላነሳም። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኩ ቀትር ላይ ባትሪ ጨርሶ ይዘጋል።

14.
መረከቢያው ፊርማ በስልክ መስታወት ላይ በጣት የሚፈረም ነው። የመካኒክ ጣት ግራሶ አለበት። «አንተው ፈርምልኝ» ይላል፤ ሞተረኛው ይፈርማል። የወሩን ፊርማዎች ተራ በተራ ከፈትኳቸው። የሃያ ጋራዥ ፊርማ በአንድ እጅ ተጽፏል። ባለሱቁ «አሁን ማስረጃ አለን» ይላል። አጠገቡ ያለው ሱቅ ሞተረኛውን ዕቃውን ከጋራዡ በር ጋር ፎቶ አንሳ ብሎታል። ፎቶን ግራሶ አይነካውም።

15.
በ2012 ሰኔ ማብቂያ ላይ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ከሁለት ሳምንት በላይ ቆይቷል። ያን ጊዜ የነገዱ ሁሉ ያስታውሱታል። ሶፍትዌር ሲመርጡ ግን «ኔትወርክ ሲጠፋ ይሠራል?» ብሎ የጠየቀ አልሰማሁም። ኔትወርክ ለመጥፋት አገር አቀፍ መቋረጥ አያስፈልግም። ከሕንፃ ሥር ያለ ጋራዥ ይበቃል። ሞተረኛው «ደርሷል» የሚለውን ለመንካት ዕቃውን ሰጥቶ፣ ደረጃ ወጥቶ፣ መንገድ ዳር ይቆማል።

16.
የሶፍትዌሩ ዋጋ በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ በብር የሚከፈለው ተቀየረ፤ ሶፍትዌሩ ያው ነው። አንዱ በሞተር ቁጥር ያስከፍላል፣ ሌላው በማድረሻ ቁጥር። በማድረሻ የሚያስከፍለውን የመረጠ ባለሱቅ ውሉን ከፈረመ በኋላ አነበበው። ደንበኛው በር ዘግቶ ሞተሩ ከነዕቃው የተመለሰበትም ማድረሻ ተብሎ ይቆጠራል።

17.
የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። የሱቁ ደንበኞች ስልክ ቁጥር በሙሉ በሞተረኛው የግል ስልክ ውስጥ አለ። በሶፍትዌሩም ውስጥ አለ። ሐጂ ወጣቱን ሻጭ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁት፦ «ልጄ፣ ብንለያይ ደብተሬን ይዤ እወጣለሁ?» ልጁ «አለቃዬን ጠይቄ ልንገርዎት» አለ። የብዙ ዓመት ደንበኛ ስም፣ የጋራዥ በር፣ የዱቤ ታሪክ ነው የጠየቁት። ከሰማኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር።

18.
መካኒኩ የተበላውን ኩሽኔታ መዳፉ ላይ አድርጎ ፎቶ ያነሳል፤ በቴሌግራም ይልካል፤ «እንደዚህ ዓይነት» ይላል። መጋዘን ውስጥ ያለው ልጅ አዲሱን አውጥቶ በመዳፉ ይዞ መልሶ ይልክለታል። ሁለት መዳፍ፣ አንድ ዕቃ። በዚህ መንገድ የሄደ ዕቃ ሲመለስ አላየሁም። ሶፍትዌሩ ከደንበኛ ፎቶ አይቀበልም። ባለሱቁ «አሁን ሁሉንም በሶፍትዌር ነው የምንሠራው» ይላል። ቴሌግራሙ በሌላው ስልክ ክፍት ነው። ደብተሩ ከባንኮኒው ሥር ነው።

19.
በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ አግዷል። በኤሌክትሪክ የሚሠራ መኪና ካንዴላ የለውም፤ የሞተር ዘይት ማጣሪያም የለውም። ፍሬን ሸራ፣ ኩሽኔታና ጎማ ግን አለው። ባለሱቆቹ ለሦስት ዓመት የሚያስር ውል ሲፈርሙ የዕቃ ዝርዝሩን ማን እንደሚያድስ አልጻፉም።

20.
አንዲት ባለሱቅ በሌላ መንገድ ሄደች። ምንም ሳትከፍል ለሁለት ሳምንት በአንድ ሞተር ብቻ ሞከረች። ስልኩን ለሞተረኛው፣ ኮምፒውተሩን ለካሸሯ ሰጠች፤ ራሷ አልነካችውም። በመጨረሻ ሁለቱን አስቀምጣ ጠየቀች። ካሸሯ «ካንዴላ ስል ካንዴላ ያምጣልኝ፣ የተመለሰውንም ይመዝግብልኝ» አለች። ሞተረኛው «የበሩን ቦታ አንዴ ካስተካከልኩት ለሚቀጥለው ልጅ ይቆይለት» አለ። ስለሚንቀሳቀሰው ካርታ ሁለቱም አላነሱም። የመረጠችው ትልቁን አይደለም፤ እነዚህን የሚያደርገውን ነው።

21.
ሶፍትዌር ልትገዙ ያሰባችሁ ባለሱቆች፣ ከመፈረማችሁ በፊት አንድ ቀን ከሞተሩ ኋላ ተቀመጡ። የተሳሳተ ዕቃ ይዛችሁ ሂዱና ይዛችሁ ተመለሱ። ኔትወርክ የሌለበት ጋራዥ ግቡ። የግማሽ ክፍያ መዝግቡ። ደብተራችሁን ይዛችሁ መውጣት እንደምትችሉ በጽሑፍ አስፈርሙ። ሞተረኛውንና ካሸሯን ሳትጠይቁ ብር አትክፈሉ።

22.
ሳሪስ ክሪክ ላይ ያደረችውን ያችን ኮሮላ የሚነዳውን ሰው በማግሥቱ አገኘሁት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ጋራዡ በር ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ትክክለኛው ሸራ 4 ሰዓት ላይ ደረሰ። እስከዚያ ድረስ ያለፈው አንድ ቀን ተኩል ነው። በዚያ አንድ ቀን ተኩል እቤቱ የገባ ብር የለም።