የደከምሁበት ስለሆነ

ፍኖተ ሰላም ተቀምጬ፣ መብራት ባለበት ሌሊት ሁሉ፣ ዩኒቲ በተባለው ሶፍትዌር የገበጣ ጌም ስሠራ ኖሬአለሁ። አንባቢ ሆይ፣ የምናዘዘው ስለ ባከነ ሰዓት አይደለም፤ ባክኗል ብዬም አላምንም። የምናዘዘው በዚያ ሁሉ ድካም የሸፈንሁትን ድፍረት ነው።

ጌሙ መልክ ሲይዝ ቡሬ ገጠር ላሉት አጎቴ አሳየኋቸው። በእረኝነታቸው ዘመን መሬት ቆፍረው በጠጠር ሲጫወቱት ያደጉ ናቸው። ጥቂት ሞከሩና፣ «ልጄ፣ ይህ ከዳር ያለው ጉድጓድ ምንድን ነው? እኛ የበላነውን ከጎናችን ነው የምናኖረው። የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ካልሆነ ቤት ከገባችም አንስተን እንቀጥላለን እንጂ አናቆምም» አሉኝ።

«አያ፣ ትክክለኛው ሕግ ይህ ነው» አልኋቸው። ዝም አሉ።

ለምን እንዲያ አልሁ? ባለማወቅ ነው ብል ግማሹን መደበቅ ይሆናል። ሕጉ ከተቀየረ ኮምፒውተሩ ተራውን የሚያሰላበት ኮድ ከሥሩ እንደሚፈርስ አውቅ ነበር። ግን ሥራውንም አልፈራሁትም፤ የፈራሁት ያን ያህል የደከምሁበት ነገር ስሕተት መባሉን ነው። በዚያ ላይ «ኩኩሉ» ስለሚባለው፣ ዶሮዋ ከገበሬው ስለምታመልጥበት የአገራችን ጌም ሲወራ እሰማ ስለነበር፣ እኔም ጌም ሠሪ ለመባል ቸኩዬ ነበር።

ሕጉን የወሰድሁት ከሌሎች የስልክ ጌሞች ነው። ቆይቼ ምንጩን ስፈልግ፣ ካላህ የሚባል፣ ዊልያም ቻምፒየን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1940 ያስተዋወቀው ጨዋታ ሆኖ አገኘሁት። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተሙት ጥናት የገበጣ አጨዋወት ከቦታ ቦታ እንደሚለያይ መዝግበዋል። ያን ጊዜ ደነገጥሁ። ያስደነገጠኝ ግን ሕጉን መሳሳቴ ብቻ አልነበረም፤ አጎቴን ለማመን መጽሐፍ እስኪመሰክርላቸው መጠበቄ ነው።

ኮዱን አፍርሼ እሳቸው እንዳሉት ሠራሁት። ይህን የምለው እንዲታሰብልኝ አይደለም፤ ይቅርታም አልለምንበትም። ዛሬ ስለ ጨዋታው ሌላ ነገር ስጠይቃቸው «አንተ ታውቀዋለህ» ይሉኛል። በቂም አይሉትም፤ የምር እኔ የማውቅ መስሏቸው ነው። ልጅነታቸውን ሙሉ የተጫወቱትን ነገር እንዲጠራጠሩ ያደረግኋቸው እኔ ነኝ።