ፈቃድ

ተፈቀደልኝ!

ዛሬ ጠዋት ፈረቃ ልረከብ ስገባ ኃላፊያችን ኮሪደር ላይ አስቆመችኝና «የጁን ሁለት ሳምንትሽ ጸድቋል» አለችኝ። ነርስ የሆናችሁ ይገባችኋል። እዚህ ስኮትላንድ ትምህርት ቤት የሚዘጋው በጁን መጨረሻ ስለሆነ ያን ሰሞን የማይጠይቅ ሰው ክፍላችን ውስጥ የለም። አቅፌ ልስማት ምንም አልቀረኝ! ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ዓሣ ላጠምድ ኦርክኒ ደሴቶች እንደምሄድ ታካሚዎቼ ሁሉ ሰምተዋል። አንድ አዛውንትማ መድኃኒታቸውን ሳልሰጣቸው «ሃሬይ ሐይቅ ላይ ከሆነ ድንጋዮቹን ተጠንቀቂ» ብለው መከሩኝ። የአጥማጅ ምክር ነው፤ ተቀብያለሁ።

እንግዲህ ስትጠይቁኝ ለከረማችሁ ዕቅዱ ይኸውላችሁ። ወንድሜ ከለንደን በባቡር አበርዲን ይመጣል። እሱ ከዚሁ ወደ ኦርክኒዋ ከርክዎል በምትሄደው መርከብ ስድስት ሰዓት ተጋድመን እንግባ ባይ ነው። እኔ በፍጹም! በመኪና እስከ ሰሜኑ ጫፍ፣ ስክራብስተር ድረስ ወጥተን ከዚያ ወደ ስትሮምነስ እንሻገር ብያለሁ። ባሕሩ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ ነው፤ ደግሞ መርከቧ በኦልድ ማን ኦፍ ሆይ አጠገብ ታልፋለች። ባሕር ዳርቻ ላይ ብቻውን የቆመ፣ 137 ሜትር ቁመት ያለው የድንጋይ ዓምድ ነው። እሱን ሳይሳለሙ ኦርክኒ መግባት ሳያንኳኩ ሰው ቤት እንደ መግባት ነው።

የምናጠምደው ሃሬይ ሐይቅ ላይ ነው። ስፋቱ 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ። የባሕር ዳር ልጆች፣ እንዳትስቁ፤ አዎ፣ ጣና 300 ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። ጥልቀቱም ከአራት ሜትር ብዙ አያልፍም። ምስጢሩ ግን እዚያው ነው። ውሃው ስስ ስለሆነ ብርሃን ወለሉ ድረስ ይደርሳል፤ የውሃው ሣር ይበቅላል፣ ነፍሳቱ ይራባሉ፣ ቡናማው ትራውት የተባለው ዓሣም እነሱን እየለቀመ ይሰባል። ግማሽ ኪሎ የሚመዝን ከወጣላችሁ ምስጋና ነው።

አያያዙን ደግሞ ስሙኝ። ሞተሩን አጥፍታችሁ ጀልባዋን በጎኗ ለነፋሱ ትሰጧታላችሁ። እሱ እየገፋ ይወስዳችኋል። እናንተ በአንድ ክር ላይ የታሰሩ ሦስት ሰው ሠራሽ ዝንቦች ከፊታችሁ ትወረውሩና ቀስ እያላችሁ ትስባላችሁ፤ የላይኛዋ ዝንብ ማዕበሉ ጫፍ ላይ እስክትጨፍር ድረስ። ኦርክኒ ውስጥ የሚጠፋው ዛፍ ነው እንጂ ነፋስ አይጠፋም። ሲበረታ ጃንጥላ የመሰለ ጨርቅ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ውሃ ውስጥ ይጣላል፤ የጀልባዋን ሩጫ ይገታል። ድንጋዮቹ ያሉት ደግሞ ከውሃው ገጽ ትንሽ ዝቅ ብለው ነው፤ የሞተር መቅዘፊያ ይሰብራሉ። አዛውንቱ እውነታቸውን ነው።

ዝንቦቻችን ሶልጀር ፓልመር፣ ቢቢዮ እና ኬት ማክላረን ናቸው። እኔ ኬትን አስበልጣለሁ። ጥቁር ለብሳ፣ አንገቷ ላይ ቡናማ ላባ፣ ጭራዋ ላይ ወርቃማ ቢጫ። ሠርግ የምትሄድ ነው የምትመስለው።

ከዚህ ሁሉ ልቤን የነካው ግን ሌላ ነገር ነው። እንግሊዝ ውስጥ ትራውት ለማጥመድ ዘንግ የያዘ ሰው የመንግሥት ፈቃድ መግዛት አለበት። ስኮትላንድ እንዲያ ያለ የመንግሥት ፈቃድ ባይኖራትም የውሃውን ባለመብት ማስፈቀድ፣ አብዛኛውን ጊዜም መክፈል ግድ ነው። ኦርክኒ ሐይቆች ላይ ግን ትራውት ማጥመድ ለማንም ክፍት ነው። ደሴቶቹ የኖርዌይ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1468 ንጉሥ ክርስቲያን 1ኛ የልጁ የማርግሬት ጥሎሽ እስኪከፈል ድረስ ለስኮትላንድ በመያዣነት ሰጣቸው፤ ገንዘቡ ሳይከፈል ቀረ፣ መያዣውም በዚያው ቀረ። የሐይቆቹ ነፃነት ከዚያ ከድሮው የኖርስ ሕግ የተረፈ ልማድ ነው ይላሉ። ሕጉ የሚያዘው ወቅቱን ነው፤ ከማርች 15 እስከ ኦክቶበር 6። የአጥማጆች ማኅበርም አለ፤ የሚገባው የወደደ ነው። እኛ ወደን እንገባለን፤ ለሐይቁ የሚደክሙት እነሱ ናቸውና መዋጮው ይገባቸዋል።

ውሃ ዳር ቆሞ ማንንም አለማስፈቀድ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር አባባ ይመጣብኛል።

በእኛ ቋንቋ ሁሉም ፈቃድ ነው። ከሥራ የምናርፍበትም ፈቃድ፣ ደጅ ጠንተን የምናገኘውም ፈቃድ፤ ነገር ከእጃችን ሲወጣም «ፈቃዱ ይሁን» እንላለን። አባባ ሦስቱንም ያውቃል። ባሕር ዳር አንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጣና ዳር ይወስደኛል። ዘንግ የለውም። እንጨት ላይ የጠቀለለው ክር፣ ጫፉ ላይ መንጠቆና ትል፣ በቃ። ክሩን በሌባ ጣቱ ላይ ያሳርፍና ዝም ይላል። «ዓሣ የሚሰማው በጣት ነው፤ በዓይንሽ አትጠብቂው» ይለኛል። ቆሮሶ ሲይዝ የመጀመሪያው የእኔ፣ ሁለተኛው የወንድሜ። የደንገል ታንኳዎቹ ሲያልፉ እያየን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይደግምልኛል፤ «ፈቃድ ስወጣ በትልቁ ጀልባ ጎርጎራ እወስድሻለሁ። ቁንዝላ እናድራለን። ሁለት ቀን ውሃ ላይ!»

ያኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። ዘጠኝ ሆነኝ፣ አሥራ ሁለት ሆነኝ፣ ማትሪክ ተፈተንኩ።

አባባ ባረፈ በዓመቱ አገር ቤት ገብቼ ሰነዶቹን ሳገላብጥ በአንድ የላስቲክ ማኅደር ውስጥ ሰባት ደብዳቤ አገኘሁ። ሰባቱም ማኅተም አላቸው። «የጠየቁት የዓመት ዕረፍት ፈቃድ ለሥራው አስፈላጊነት ሲባል ወደሚቀጥለው የበጀት ዓመት የተላለፈ መሆኑን እናስታውቃለን።» ፈራሚዎቹ ተለዋውጠዋል፤ ቃሉ ያው ነው። የጠየቀው ሁሌም በሰኔ ነበር፤ ሰኔ ደግሞ በጀት የሚዘጋበት ወር ነው፣ የሒሳብ ሰው አይለቀቅም።

የሚያንገበግበኝ መከልከሉ ብቻ አይደለም። እያንዳንዷን ደብዳቤ በቀኗ ቅደም ተከተል፣ ጫፏ ሳይታጠፍ አስቀምጧታል። እንደ ባንክ ደብተር። አንድ ቀን ተደምሮ የሚከፈለው መስሎት! ሒሳብ አዋቂ ሰው ነበር፤ የሰው ሳንቲም ጎድሎበት አያውቅም። የእሱን ቀን ግን ማንም አልመለሰለትም። ጡረታ ሲወጣ ዓይኑ ደክሟል፣ ጉልበቱ እንኳን ጀልባ የቤቱን ደረጃ አያስወጣውም። ሕግ የሰጠውን ነው እኮ የጠየቀው። ችሮታ አይደለም። ያ መሥሪያ ቤት አባቴ ለሁለት ሳምንት ስለሄደ አይፈርስም ነበር። አይፈርስም ነበር!

ቆይ፣ ውሃ ልጠጣ።

ማታ ለእማዬ ደወልኩላት። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «በሰኔ ጾም ነው ዓሣ የምትበሉት?» ሆነ። አብዛኛውን መልሰን እንደምንለቅ ነገርኳት። «ከለቀቃችሁትማ ምን ልታደርጉ ያን ሁሉ አገር ታቋርጣላችሁ?» ወንድሜ በዚያኛው ስልክ ሆኖ ሳቁን አላቆም አለ። እሱ ሽሮና በርበሬ ከለንደን አሽጎ ይመጣል፤ ስለዚህ እማዬ፣ አንራብም።

ከዚያ ትንሽ ዝም አለችና «መቼ መቼ ነው ውሃ ላይ የምትሆኑት?» አለችኝ። በጁን መጨረሻ እዚያ ፀሐይ የምትገባው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ እንደሆነ፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ተመልሳ እንደምትወጣ፣ በመካከሉም ሰማዩ ደህና አድርጎ እንደማይጨልም ነገርኳት። ሃሬይንና የጎረቤቱን የስቴነስን ሐይቅ በሚለየው መሬት ላይ ክብ ሠርተው የቆሙ ድንጋዮች አሉ፤ ብሮድጋር ይባላሉ። ከ4,000 ዓመት በላይ ቆመው ዛሬ 36 ቀርተዋል። ከጀልባዋ ላይ ሆነን እናያቸዋለን አልኳት። «ታዲያ አባትሽ እንዲህ ያለውን ቀን ነበር የሚወደው» አለች። «መሸ ብለው የማይጠሩት ቀን።»

አባባን ሙት ዓመቱ ካለፈ ወዲህ እንዲህ ስታነሳው ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው።

አንድ ደብዳቤ ይዤ እሄዳለሁ። የመጨረሻውን። ውሃ ላይ አልጥለውም፣ አላቃጥለውም፤ ደረት ኪሴ ውስጥ፣ ከተንሳፋፊው ጃኬት ሥር ይቀመጣል። ሁለት ቀን በሙሉ ከጀልባ አንወርድም። ክሩንም አንዳንዴ ጣቴ ላይ አሳርፈዋለሁ።

ፈቃድ ያላችሁ ውጡ። የተላለፈባችሁ ተከራከሩ። የምትፈርሙ ደግሞ፣ እባካችሁ ስትፈርሙ የሰው ልጅ ውሃ ዳር እየጠበቀ እንደሆነ አስቡ።

የመርከቧ የመኪና ቦታ ሳይሞላ ትኬቱን ልቁረጥ።